የድሮ ቤት በረንዳ ወንዝ ዳር ሲተከል፦ ቅርስ ተረፈ ወይስ ጌጥ ተገኘ?

ከ2016 አጋማሽ ወዲህ የመሃል አዲስ አበባ ወሬ በሁለት ነገር ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በኮሪደር ልማትና በወንዝ ዳርቻ ልማት። ኮሪደር የሚባለው ዋና መንገድን ተከትሎ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ፣ መብራት፣ አረንጓዴ ቦታና የሕንፃዎች ፊት አንድ ላይ የሚታደስበት ሥራ ነው። የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ተመሳሳዩን ነገር ወደ ሸለቆው ያወርደዋል። ሁለቱም በከተማዋ አሮጌ እምብርት ያልፋሉ። ስለዚህ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ያስነሳሉ፤ እዚያ ያለው የድሮ ቤት ምን ይሁን?

ክርክሩ ብዙ ጊዜ "ይፍረስ" እና "እንዳይነካ" በሚሉ ሁለት ጫፎች ይቀራል። መሃል ላይ ግን አስታራቂ የሚመስል ሐሳብ አለ። ቤቱ ሙሉውን መቆም ካልቻለ ጥሩ ጥሩውን እንንቀል፤ በሩን፣ በረንዳውን፣ የእንጨት ደረጃውን። ከዚያ ወንዝ ዳር ለሕዝብ በሚሠራ አዲስ ቤት ውስጥ እናስገባው። ሲሰሙት ደስ ይላል። ችግሩ "ቅርሱን ማቆየት" በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ሥራዎች ውስጣቸው ሲታይ በጣም የተለያዩ መሆናቸው ነው። አንዱ በእርግጥም ቅርስ ያተርፋል። ሌላው ማፍረሱን ያሳምራል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

ጀልባ የሌለበት የጀልባ ቤት

ለዚህ ዓይነቱ ሐሳብ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በሌሎች አገሮች ከተሞች የሚታየው የጀልባ ቤት ነው። ውሃ ዳር ይሠራል። ምድር ቤቱ ጀልባ ይገባበታል፣ ፎቁ አዳራሽና በረንዳ ይሆናል። አንዳንዱ የክለብ አባላት ብቻ የሚገቡበት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ማንም ሰው ሰተት ብሎ የሚገባበት የሕዝብ ቤት ነው።

በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን፣ ፕሮስፔክት ፓርክ ውስጥ ያለው የጀልባ ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 ተሠራ። በ1964 ሊፈርስ ጥቂት ሲቀረው በተቃውሞ ተረፈ። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ወፎችና ስለ ተፈጥሮ የሚማሩበት ማዕከል ሆኖ ያገለግላል። ቤቱ ቦታውን አልለቀቀም፤ የተቀየረው ሥራው ነው። ባለሙያዎች ይህን አዳፕቲቭ ሪዩዝ ይሉታል። ቤቱን ሳያፈርሱ አዲስ አገልግሎት ማግኘት ማለት ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡ፣ ቁርጡሜ፤ ከእንጦጦ ወርደው ከተማዋን ሰንጥቀው ወደ አቃቂና ወደ አባ ሳሙኤል የሚሄዱ ወንዞች ናቸው። በክረምት ያገሳሉ። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘለሉ ቀጭን ጅረቶች ይሆናሉ። ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውሃ የላቸውም። በ2011 ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚያለማ ሲነገርም የታሰበው መናፈሻና የእግር መንገድ እንጂ ጀልባ መቅዘፊያ አልነበረም። በወዳጅነት ፓርክ የሚታየው ሐይቅ ሰው የሠራው ነው።

ስለዚህ ለአዲስ አበባ የሚጠቅመው የጀልባ ቤቱ ቅርፅ ነው። ከታች ክፍት፣ ከላይ በረንዳ፣ ግድግዳው ጥቂት፣ ምሰሶው ብዙ። ይህ ቅርፅ ከፒያሳና ከአካባቢዋ የድሮ ቤቶች ጋር በአጋጣሚ በደንብ ይገጥማል። ምክንያቱን ዝቅ ብለን እናየዋለን።

ስንት ዓይነት "ማቆየት" አለ?

ከሁሉም ቀላሉ ቤቱን ባለበት ጠግኖ መጠቀም ነው። ቀላል ያልኩት ለመረዳት ነው እንጂ ለኪስ አይደለም። እቴጌ ሆቴል፣ በተለምዶ ጣይቱ ሆቴል የምንለው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ሆቴልነቱን ስላልተወ ነው። በጥር 2007 እሳት ሲነሳበት ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት ወደመ። ቤቱ ግን ደንበኛ ነበረው፣ ገቢ ነበረው፣ ባለቤት ነበረው። ተጠግኖ ሥራው ቀጠለ። ሰው የሚገባበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይለት አለው።

ሁለተኛው መንገድ ፊቱን አቁሞ ከጀርባው አዲስ ሕንፃ መሥራት ነው። የሕንፃ ፊት ፋሳድ ይባላል፤ አሠራሩ ደግሞ ፋሳዲዝም። በአውሮፓ ከተሞች የተለመደ ነው። ተቺዎቹ የቲያትር መጋረጃ ነው ይሉታል። ደጋፊዎቹ ቢያንስ መንገዱ መልኩን አይለቅም ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። መንገዱ መልኩን ይይዛል፤ ቤቱ ግን የለም።

ሦስተኛው ማዛወር ነው። ቤቱ ወይም ሐውልቱ በቁጥር እየተለየ ይፈታል፣ ሌላ ቦታ ይገጠማል። ግብፅ የአስዋን ግድብ ውሃ ሊያሰጥማቸው የነበሩትን የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 እየቆረጠች ከፍ ወዳለ ቦታ አወጣች። እኛም ምሳሌ አናጣም። የአክሱም ሐውልት በ1997 ከሮም በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን መጣ፣ በ2000 ደግሞ ቆመ። 24 ሜትር የሚያህል ድንጋይ ነው። የተሳካው እያንዳንዱ ቁራጭ የት እንደሚገባ በትክክል ስለሚታወቅ ነው። የወደቁትን የራሱን ክፍሎች በየቦታቸው መልሶ መግጠምን ባለሙያዎች አናስታይሎሲስ ይሉታል። አዲስ ነገር ፈልስፎ መሙላት ከዚህ ስም ውጭ ነው።

አራተኛው ስፖሊያ ይባላል። የጥንት ሕንፃ ክፍልፋይን ወስዶ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ማስገባት ነው። ጥንታዊ ልማድ ነው፤ በሮም ዘመን የተቀረጸ ዓምድ ኋላ በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ውስጥ ቆሞ ማየት የተለመደ ነው። ወንዝ ዳር በሚሠራ አዲስ ቤት ውስጥ የድሮ በረንዳ እናስገባ የሚለው ሐሳብ በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ ስፖሊያ ነው። ጥገና አይደለም። ይህን ማወቁ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ሰው የሚናደደው ጥገና ተብሎ ተነግሮት ስፖሊያ ሲያገኝ ነው።

ክፍልፋይ ማትረፍ ሲከሽፍ ምን እንደሚመስልም እንይ። ለንደን የዩስተን ባቡር ጣቢያ መግቢያ የነበረውን ትልቅ የድንጋይ ደጅ በ1961 እና በ1962 እ.ኤ.አ. አፈረሰች። ድንጋዮቹ የት እንደገቡ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም። በ1994 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹ በምሥራቅ ለንደን አንድ የውሃ ቦይ ውስጥ ተገኙ። የቦዩን ወለል ጉድጓድ ለመሙላት ተጥለው ነበር። ቅርሱ እውነትም ውሃ ዳር ደረሰ፤ ያውም ከሥሩ።

የጭቃ ቤት ፊት ብቻውን አይቆምም

አዲስ አበባ ላይ ስንመጣ አንድ የአሠራር ጉዳይ አለ። በክርክሩ ውስጥ ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም። ለእኔ ግን የነገሩ ቁልፍ ይኸው ነው።

ፋሳዲዝም የድንጋይና የጡብ ቤት ዘዴ ነው። ወፍራም ግድግዳ በብረት ተደግፎ ብቻውን ሊቆም ይችላል። በፒያሳ፣ በራስ መኮንን ድልድይ ዙሪያና በቀበና ዳገት የቆዩት ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች ግን እንዲህ አይደሉም። መሠረታቸው ድንጋይ ነው። ከዚያ በላይ ቋሚ እንጨት፣ ማገር፣ ጭድ የተቦካበት ጭቃ፣ ከላይ ምርጊትና ልስን። የፎቁ ወለል ከእንጨት ነው፣ ኮርኒሱም ብዙ ጊዜ አቡጀዲ። ቤቱን የሚያቆመው የአንዱ እንጨት ከሌላው ጋር መያያዝ ነው። ጣሪያውን ስታነሳ ዝናብ ጭቃውን ያጥበዋል። ጀርባውን ስትቆርጥ ፊቱ ያዘነብላል። ስለዚህ "ፊቱን እናቆያለን" የሚል ቃል ለጭቃ ቤት ሲሰጥ፣ በተግባር የሚሆነው ፊቱን አፍርሶ በብሎኬትና በሲሚንቶ አስመስሎ መሥራት ነው። ይህ ቅጂ ነው። ቅጂ መሥራት ነውር የለውም፤ ቅጂ መሆኑ ግን መነገር አለበት።

ታዲያ ከእንደዚህ ዓይነት ቤት ምን ይተርፋል? የሚገርመው፣ ምርጡ ክፍል ይተርፋል። የእነዚህ ቤቶች ውበት ያለው እንጨቱ ላይ ነው። ቤቱን ከፊት፣ አንዳንዴም በሦስት ጎን የሚከበው ሰፊ በረንዳ። የተጠረቡ ምሰሶዎች። ከጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ ተቆርጦ የሚንጠለጠለው ሳንቃ። ከውጭ ወደ ፎቅ የሚወጣው ደረጃ። ባለ መስታወት የእንጨት መዝጊያዎች። በምኒልክ ዘመንና ከዚያ በኋላ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢ ጋር ሲሠሩ የተወለደ አሠራር ነው። ጽድ ከሆነ እንጨቱ ዛሬም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። የተገጠመው አንዱን እንጨት በሌላው ቀዳዳ በመሰካትና በምስማር ስለሆነ በጥንቃቄ ይፈታል።

የጀልባ ቤት ቅርፅ የሚገጥመውም እዚህ ላይ ነው። ወንዝ ዳር ያለ የሕዝብ ቤት የሚፈልገው በረንዳ፣ ምሰሶና ሰፊ ጣሪያ ነው፤ ከድሮው ቤት የሚተርፈውም ይኸው ነው። በረንዳው በአዲሱ ቤት ውስጥ አሁንም በረንዳ ይሆናል። ሰው ይቀመጥበታል፣ ጣሪያ ይሸከማል፣ ጥላ ይሰጣል። በሆቴል መግቢያ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የድሮ በር በጣም ይለያል። የተተከለው ክፍል የድሮ ሥራውን መሥራት ከቀጠለ ስፖሊያው ትርጉም አለው። ሥራ ፈትቶ ከተሰቀለ ጌጥ ነው።

ለምን እዚህ ደረስን?

ብዙ ሰው የድሮ ቤቶቹን ሁኔታ ሲያይ ኮሪደሩን ብቻ ይወቅሳል። ቤቶቹ ግን ግሬደር ከመድረሱ ከአርባ ዓመት በፊት መፍረስ ጀምረው ነበር። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። ኪራይ ተቀነሰ። ትልልቅ ቤቶች በኮምፔንሳቶ ተከፋፍለው ብዙ ቤተሰብ ገባባቸው። ለብዙ ሺህ ድሃ ሰው መጠለያ ሆነ፤ ይህ መካድ የለበትም። ቤቱ ግን ባለቤት አጣ። ቀበሌው የሚሰበስበው ጥቂት ብር ለአንድ ቆርቆሮም አይበቃም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማውጣት ምክንያት የለውም፤ ቢያወጣም መጠገኛ ፈቃዱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። በረንዳው ተዘግቶ ኩሽና ሆነ። ጣሪያው አፈሰሰ። ውሃ የገባበት እንጨት ምስጥ ይጠራል።

ከዚያ መሬቱ ተወደደ። ቤቱ ያረፈበት ቦታ ከቤቱ ብዙ እጥፍ ዋጋ ሲያወጣ ማንኛውም ከተማ ላይ ውጤቱ አንድ ነው። የወንዝ ዳር ቤቶች ላይ ደግሞ ሌላ ጫና ተጨመረ። ወንዙ መስፊያና መተንፈሻ ስለሚያስፈልገው ከዳርቻው የተወሰነ ርቀት ነፃ መሆን አለበት የሚለው የከተማ ፕላን መርህ ትክክል ነው። ግን መርሁ ትናንት የተሠራ የላስቲክ ቤትንና መቶ ዓመት የቆየ የድንጋይ መሠረትን በአንድ ዓይን ካየ ይሳሳታል።

ሁለቱ ወገኖች ምን ይላሉ?

የልማቱ ደጋፊዎች ክርክር ቀላል አይደለም። መጸዳጃ የሌለው፣ እሳት አደጋ መኪና የማይገባበት፣ በክረምት ጎርፍ የሚያስጨንቀው ሰፈር በናፍቆት ሊቆይ አይገባም ይላሉ። የድሮ ነገር ሁሉ ቅርስ አይደለም ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። አንድነት ፓርክን ይጠቅሳሉ። በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ያሉ የድሮ ሕንፃዎች ተጠግነው ከ2012 ጀምሮ ለሕዝብ ተከፍተዋል። ከዚያ በፊት ብዙው የአዲስ አበባ ሰው ያንን ግቢ ከአጥር ውጭ እንጂ አያውቀውም ነበር።

የተቺዎቹም ክርክር ቀላል አይደለም። ቤተ መንግሥት መጠገን አንድ ነገር ነው፤ የነጋዴ፣ የአናጢ፣ የጠጅ ቤት ሠፈር ሲጠፋ ግን የከተማው ታሪክ የቤተ መንግሥት ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል ይላሉ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከፈረሰ በኋላ አንድ በረንዳ ማቆየት ሰፈሩን አይመልሰውም። ነዋሪው ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ከሄደ፣ ስለ ቤቱ የሚያውቀው ሰው አብሮ ሄዷል ማለት ነው።

እኔ ሁለተኛው ወገን ስለ ጥፋቱ ልክ ነው እላለሁ፤ ስለ ክፍልፋዩ ግን ይቸኩላል። በረንዳው ሰፈሩን አይመልስም፤ ትክክል። ነገር ግን ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ በረንዳውም ማገዶ ቢሆን ማንም አይጠቀምም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። "ክፍሉን እናተርፋለን" የሚል ቃል በቅድሚያ ከተሰጠ፣ ሊጠገን የሚችል ቤትም ለማፍረስ ሰበብ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ባለበት መጠገን ይቻል እንደሆነ በመሐንዲስ ይጠና። ካልተቻለ ብቻ ወደ መፍታት ይኬድ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ የዓለም የቅርስ ጠጋኞች መመሪያ የሆነው ሰነድ፣ ይህንኑ ይላል። ሐውልትን ከቦታው ማንሳት የሚፈቀደው እሱን ለማትረፍ ግድ ሲሆን፣ ወይም እጅግ ከፍተኛ አገራዊ ወይም ዓለም አቀፍ ጥቅም ሲያስገድድ ነው።

የእኛም ሕግ ሩቅ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሳ፣ ያለ ፈቃድም እንዳይጠገን ይከለክላል። ክፍተቱ ያለው ከዚህ በፊት ባለው ደረጃ ነው። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ቤት ጠበቃ የለውም። ተጠንቶ ሳይመዘገብ የፈረሰ ቤት ቅርስ ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ መከራከር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሲፈታ ምን መሆን አለበት?

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። ቤቱ ከመነካቱ በፊት ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ይነሳል፣ ልኬቱ በወረቀት ይወርዳል። እያንዳንዱ ምሰሶና ሳንቃ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ያው ቁጥር ንድፉ ላይ ይጻፋል። "የግራ በረንዳ፣ ከማዕዘኑ ሦስተኛ ምሰሶ" ካልተባለ፣ ከስድስት ወር በኋላ ያለው የእንጨት ክምር ነው። የቀለሙ ንብርብር ከመፋቁ በፊት በትንሽ ቦታ ይላጥና ከሥር ያሉት ቀለሞች ይመዘገባሉ። ቤቱ በየዘመኑ ምን እንደለበሰ የሚናገረው እሱ ነው።

ከዚያ መጋዘን። ጣሪያ ያለው፣ እንጨቱ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚደረደርበት፣ ቁልፉን የያዘው ሰው የሚታወቅበት። ያለበለዚያ ፕሮጀክቱ ሲዘገይ ጥሩ ጥሩው ሳንቃ የአንድ ሰው ቁም ሣጥን ይሆናል።

ወንዙ ራሱ

ወንዝ ዳር መትከሉ ለዓይን ጥሩ ነው፤ ለእንጨት ግን አይደለም። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከላይ ያለው ዳገት አስፋልትና ኮንክሪት በለበሰ ቁጥር ውሃው አፈር ውስጥ ሳይሰርግ በአንዴ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ ያለው የጎርፍ ከፍታ ነገ ላይበቃ ይችላል። የድሮ አናጢዎች እንጨቱን ከድንጋይ መሠረት በላይ ያስቀመጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። አዲሱም ቤት እግሩ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ሆኖ የድሮው እንጨት ከጎርፍ መስመር በላይ ሊቀመጥ ይገባል። ሰፊ የጣሪያ ክፈፍም ያስፈልጋል።

ሌላው ሲሚንቶ ነው። የድሮ ድንጋይና እንጨት በሲሚንቶ ሲለሰን ያምርና ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ሲታይ ግን አዲስ ነው። የኖራ ልስን ይተነፍሳል። ቀርፋፋ ነው፣ ባለሙያም ይፈልጋል፤ ለምረቃ ቀን በሚሯሯጥ ኮንትራክተር ዘንድ አይወደድም። የብሩክሊኑ የጀልባ ቤት እንኳ ከመጀመሪያው ጥገና በኋላ የዝናብ ውሃ በፊቱ ንጣፍ መሃል እየሰረገ አስቸግሮ ዳግም መጠገን ነበረበት።

ሽታውንም መርሳት አይቻልም። ከተማዋ ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ ደንብ በ2017 ሥራ ላይ አውላለች። ፍሳሽ ወደ ወንዙ የሚለቀው ቱቦ ካልተዘጋ ግን ወንዝ ዳር ያለው በረንዳ ሰው የሚሸሸው በረንዳ ይሆናል።

ማን ይገባበታል፣ ማን ይጠግነዋል?

የሕዝብ ቤት መባሉ ብቻ የሕዝብ አያደርገውም። ምድር ቤቱ ካፌ፣ ፎቁ የሠርግ አዳራሽ ከሆነ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ከድልድዩ ላይ ሆኖ ከማየት ውጭ ዕድል የለውም። በሌላ በኩል፣ ምንም ገቢ የሌለው ቤት የቀበሌ ቤቶቹ ዕጣ ይደርሰዋል። መካከለኛው መንገድ የሚገኘው በኪራይ ውሉ ውስጥ ነው። በረንዳውና ደረጃው ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ካፌው አንዱን ክፍል ይከራይ። ከኪራዩ የተወሰነው በቀጥታ ወደ ጥገና ሒሳብ ይግባ፤ ወደ ጠቅላላው ካዝና ከገባ ተመልሶ አይመጣም። ክረምት በወጣ ቁጥር አናጢ መጥቶ ምሰሶዎቹን በመዶሻ ጫፍ እየኳኳ የበሰበሰ እንጨት እንዲፈልግ፣ የፈሰሰ ቆርቆሮ እንዲቀየር፣ ዘይት ወይም ቀለም እንዲቀባ ውሉ ላይ በቀንና በስም ይጻፍ። ተከራዩ በረንዳውን በመስታወት እንዳይዘጋም እዚያው ላይ ይከልከል፤ መስታወት ማስገባት ሁሌም የመጀመሪያው ጥያቄ ነውና።